ልክ የሆነ ጡት ማስያዣ ለምን ይጠፋል? የውስጥ ልብስን በቤት መስፋትስ ምን ይጠይቃል?

አንዲት ሴት ቀሚስ ስትገዛ ትለካዋለች፤ ጫማ ስትገዛ ጥቂት ተራምዳ ታየዋለች። ለገላዋ ከሁሉም የሚቀርበውን ልብስ ግን ብዙውን ጊዜ የምትገዛው በዐይኗ ገምታ ነው። በአዲስ አበባ መርካቶም ሆነ በናይሮቢ ጊኮምባ፣ በካምፓላ ኦዊኖም ሆነ በዳሬሰላም ካሪያኮ ጡት ማስያዣ ተሰቅሎ ወይም ተከምሮ ይሸጣል። ለብሶ ማያ ቦታ አይኖርም፤ ሻጩም ወንድ ሊሆን ይችላል። ገዢዋ በፍጥነት መርጣ፣ በፌስታል አስጠቅልላ መሄድን ትመርጣለች።

ልክ አለመሆኑ የሚታወቀው ቤት ከተገባ በኋላ ነው። ማንጠልጠያው ትከሻ ላይ መስመር ያወጣል፣ ሽቦው ከብብት ሥር ይወጋል፣ ከጀርባ ያለው መቀነት ወደ ላይ ይሸሻል። ብዙዎች ይህንን የጡት ማስያዣ ጠባይ አድርገው ተቀብለውታል።

ነገሩ የዚህ አካባቢ ብቻ አይደለም። እአአ በ2008 አውስትራሊያ ውስጥ ይፋ የሆነ አንድ ጥናት በላይኛው ጀርባቸው ላይ ሕመም የሚሰማቸውን 30 ወጣት ሴቶች መርምሮ፣ 80 በመቶዎቹ ልካቸው ያልሆነ ጡት ማስያዣ እንደሚለብሱ አመልክቷል። 70 በመቶዎቹ የለበሱት የጠበበ፣ 10 በመቶዎቹ ደግሞ የሰፋ ነበር። የተጠኑት ሴቶች ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ለሁሉም ይሠራል ማለት አይቻልም። ሆኖም ሱቁ በየመንደሩ ባለበትና የመለኪያ ክፍል በማይጠፋበት አገር እንኳ ልክ ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ ያሳያል።

የውስጥ ልብስን በቤት ውስጥ መስፋት ከሩቅ ሲታይ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ፣ አለዚያም የቅንጦት ነገር ይመስላል። ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን መነሻው ይኸው የልክ ጥያቄ ነው። ያማረው ጨርቅና ዳንቴሉ የሚከተሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ቁጥሩና ፊደሉ

በጡት ማስያዣ ላይ የሚጻፈው ልክ ሁለት ነገር ይናገራል። ቁጥሩ ከጡት ሥር ደረትን ዞሮ የሚያዘውን መቀነት ይመለከታል። ፊደሉ ደግሞ ጡቱን የሚይዘውን ክፍል፣ ማለትም ኩባያውን ያመለክታል። ፊደላቱን ከጡት መጠን ጋር ያገናኘው ኤስ ኤች ካምፕ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን ጊዜው እአአ 1932 ነበር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፊደሉ ብቻውን የጡት መጠን የሚናገር እየመሰለው ነው። ፊደሉ የሚለካው ልዩነትን ነው። በአውሮፓው አለካክ ከጡት ሥር 75 ሴንቲ ሜትር፣ በጡቱ ጫፍ ላይ ደግሞ 92 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት ልዩነቷ 17 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ልኳ 75 ሲ ይባላል። ከጡት ሥር 85፣ በጫፉ ላይ 102 የሆነችው ደግሞ ልዩነቷ እኩል ስለሆነ 85 ሲ ትሆናለች። ሁለቱም ‘ሲ’ ናቸው። የሁለተኛዋ ኩባያ ግን ከመጀመሪያዋ ይበልጣል፤ መቀነቱ በሰፋ ቁጥር ኩባያውም አብሮ ስለሚያድግ ነው። በዚሁ ምክንያት የ75 ሲ ኩባያ ከ80 ቢ እና ከ70 ዲ ኩባያ ጋር ተቀራራቢ ነው። 75 ሲ ፈልጋ ያጣች ሴት ‘ያው ነው’ ተብላ 80 ቢ ብትገዛ ኩባያው ይስማማታል፤ መቀነቱ ግን ይላላባታል።

በገበያ ላይ ያለው ግራ መጋባት ከዚህም ይብሳል። ከተለያዩ አገሮች የሚመጣው ሸቀጥ የተለያየ ቁጥር ይዞ ይመጣል። የእንግሊዝና የአሜሪካ 34 በጀርመንና በአብዛኛው አውሮፓ 75፣ በፈረንሳይና በስፔን ደግሞ 90 ተብሎ ይጻፋል። የፈረንሳዩን 90 ከጀርመኑ 90 ጋር አንድ ነው ብላ የገዛች ሴት በመቀነቱ ላይ የ15 ሴንቲ ሜትር ስሕተት ሠራች ማለት ነው።

ፋብሪካዎች ልኮቹን የሚያወጡት ከአንድ መካከለኛ ልክ ተነስተው፣ በተወሰነ መጠን እያሳደጉና እያሳነሱ ነው። ደረቷ ጠባብ ሆኖ ጡቷ ትልቅ የሆነች ሴት በዚህ ስሌት ዳር ላይ ትወድቃለች፤ ነጋዴም ዳር ላይ ያለውን ልክ ብዙ አያመጣም። በዚያ ላይ የአብዛኞቹ ሴቶች ሁለት ጡቶች ፍጹም እኩል አይደሉም፤ ይህ የተለመደ የተፈጥሮ ነገር ነው። ካጠቡ በኋላም ቅርጹ ይለወጣል። ፋብሪካው ግን ግራና ቀኙን አንድ አድርጎ ይቆርጣል።

ከሁለት መሐረብ የተነሳ ልብስ

ዛሬ የፋብሪካ ሥራ የሆነው ይህ ልብስ ከስም አጠራሩ ጋር ተያይዞ የሚነሳው ዝነኛ ታሪኩ የሚጀምረው መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ሜሪ ፌልፕስ ጄኮብ የተባለች የኒው ዮርክ ወጣት ለግብዣ የምትለብሰው ስስ ቀሚስ ሥር ያለው ጠንካራ የወገብና የደረት ማጥበቂያ ቅርጹ እየወጣ ስላስቸገራት፣ ከቤት ሠራተኛዋ ጋር ሆና ሁለት የሐር መሐረቦችን በሪባን አገጣጥማ ሰፋች። ጓደኞቿም እንዲሰፋላቸው ጠየቁ። እአአ ኅዳር 1914 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘች፤ በኋላም መብቱን ዋርነር ብራዘርስ ለተባለ የማጥበቂያ ልብስ ኩባንያ በ1,500 ዶላር ሸጠችው። ከእርሷ በፊት ተመሳሳይ ልብስ የሠሩ ሴቶች ነበሩ፤ ለምሳሌ በፈረንሳይ ኤርሚኒ ካዶል በ1880ዎቹ መጨረሻ የማጥበቂያውን ልብስ ለሁለት ከፍላ አውጥታለች። ‘የመጀመሪያዋ’ የሚለው ማዕረግ ለማን ይሰጥ የሚለው ክርክር ስለዚህ ብዙም አያዛልቅም።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በዚያው ኒው ዮርክ ኢነድ ቢሴትና አይዳ ሮዘንታል የተባሉ ሴቶች የሚሰፉት ቀሚስ በደንበኞቻቸው ላይ በደንብ አልቀመጥ ስላላቸው፣ ከቀሚሱ ሥር የሚለበስ ጡት ማስያዣ እየሰፉ አብረው ይሰጡ ጀመር። ደንበኞቹ ከቀሚሱ ይልቅ ማስያዣውን ፈለጉት። ሜይደንፎርም የተባለው ታዋቂ ኩባንያ የተወለደው ከዚህ የልብስ መስፊያ ቤት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የብሪታኒያ ሴቶች ወደ ቤት ስፌት የተመለሱት ተገድደው ነበር። ከሰኔ 1941 እስከ መጋቢት 1949 ድረስ ልብስ የሚገዛው በኩፖን ነበር። በጦርነቱ ማብቂያ ሰሞን ለጦር ሠራዊቱ የማያስፈልግ የፓራሹት ጨርቅ ያለ ኩፖን ሲሸጥ ሴቶች ሐሩንና ናይለኑን እየገዙ የውስጥ ቀሚስና የውስጥ ሱሪ ሰፉበት። የፓራሹት ጨርቅ ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጮች ስለሚገጣጠም፣ ለመቁረጥ ብዙ ስሌት ይጠይቅ ነበር።

ከፓንት መጀመር

በቤት ስፌት ልምድ ያላቸው ሰዎች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር አንድ ነው፦ ከጡት ማስያዣ አይጀመር። ፓንት ሦስት ወይም አራት ቁራጭ ብቻ ነው። የፊት፣ የኋላ፣ እንዲሁም በእግሮች መካከል የሚገባው ድርብ ቁራጭ። ግማሽ ሜትር ጨርቅ ከበቂ በላይ ነው። ለሙከራማ ያረጀ ነገር ግን ያልሳሳ ካናቴራ ይበቃል፤ ቢበላሽም አያስቆጭም።

ንድፉን ለማግኘት ከሁሉም የሚቀለው መንገድ፣ በልክ ሲለበስ ኖሮ አሁን ያረጀን ፓንት ስፌቱን በጥንቃቄ ፈትቶ፣ ቁራጮቹን ወረቀት ላይ አስቀምጦ ዙሪያቸውን በእርሳስ መሳል ነው። ላስቲኩ ከተነቀለ በኋላ ጨርቁ ወደ ተፈጥሮ መጠኑ እንዲመለስ ለጥቂት ሰዓታት መተው ያስፈልጋል። ስፌት በሚገባበት ጎን ሁሉ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨመራል። ይህ ወረቀት አንዴ ከተዘጋጀ በኋላ ለዓመታት ያገለግላል።

ከመቆረጡ በፊት ጨርቁ መታጠብ አለበት። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ሳይታጠብ የተሰፋ ፓንት ከሳምንት በኋላ ለታናሽ እህት ይሆናል። ቀጥሎ ጨርቁ በየትኛው አቅጣጫ ይበልጥ እንደሚሳብ በእጅ ይፈተሻል። የሚበልጠው ስበት በገላ ዙሪያ እንዲሆን ተደርጎ ይቆረጣል። ይህ ከተገላበጠ ፓንቱ ወደ ታች እየተንጠራራ በወገብ በኩል አልገባ ይላል።

መርፌው ለጨርቁ የሚስማማ መሆኑ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ነው። ተራው የስፌት መኪና መርፌ ጫፉ ስለታም ስለሆነ የካናቴራን ጨርቅ ክር ይበጥሳል፤ ከጥቂት እጥበት በኋላ በስፌቱ ዳር ትናንሽ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ለሚሳብ ጨርቅ የተሠራው መርፌ ጫፉ ደደብ ስለሆነ ክሩን ሳይበሳ በመካከሉ ያልፋል። 70 ወይም 75 ቁጥር ለስስ ጨርቅ ይስማማል። ክሩም ከጥጥ ይልቅ የፖሊስተር ቢሆን ይመረጣል፤ ጨርቁ ሲሳብ የጥጥ ክር ቶሎ ይበጠሳል።

ላስቲክ ልኩን የሚወስነው ክፍል ነው። በወገብና በእግር ዙሪያ የሚገባው ላስቲክ ከጨርቁ ዙሪያ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል ያነሰ ይደረጋል። የጨርቁ ዙሪያ 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ላስቲኩ ከ68 እስከ 72 ይሆናል ማለት ነው። ላስቲኩም ጨርቁም ለአራት እኩል ተከፍለው ምልክቶቹ በስፒል ከተያያዙ በኋላ፣ ላስቲኩ ብቻ እየተሳበ ይሰፋል። ከዚህ በላይ የጠበቀ ላስቲክ በወገብ ላይ ቀይ መስመር ይተዋል።

በእግሮች መካከል የሚገባው ድርብ ቁራጭ ከውስጥ በኩል ጥጥ ቢሆን ይመረጣል። ናይለንና ፖሊስተር እርጥበት ያፍናሉ፤ ሙቀትና እርጥበት የተገናኙበት ቦታ ደግሞ ለፈንገስ ይመቻል። ውጪው ዳንቴል ወይም ሳቲን ይሁን፤ ገላን የሚነካው ጥጥ ይሁን። በሱቅ ያማሩ ሆነው የሚሸጡ ርካሽ ፓንቶች ብዙ ጊዜ የሚያጎድሉት ይህንኑ ነው።

ቀጥ ብቻ የሚሰፋ መኪና

እስካሁን የተባለው ሁሉ የስፌት መኪናው ዚግዛግ መስፋት እንደሚችል አድርጎ ነው። በአፍሪካ ቀንድ ብዙ ቤት የሚገኘው ግን በእጅ ወይም በእግር የሚዞረው፣ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የሚያወጣው ጥቁር መኪና ነው። ቀጥ ያለ ስፌት በሚሳብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ጨርቁ ሲዘረጋ ክሩ አብሮ አይዘረጋም፤ ስለዚህ ይበጠሳል። በሚሰፋበት ጊዜ ጨርቁን ከፊትና ከኋላ ጥቂት ወጠር አድርጎ መያዝ ይረዳል፤ ነገር ግን ሙሉ መፍትሔ አይደለም።

እውነተኛውን መፍትሔ ለማግኘት የሚሳብ ክር ወዳልነበረበት ዘመን መመለስ ይጠቅማል። ዛሬ በየውስጥ ልብሱ ያለው ኤላስቴን የተባለው የሚሳብ ክር የተፈለሰፈው እአአ በ1958 አሜሪካ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሴቶች የሐርና የሳቲን የውስጥ ልብሳቸውን የሚሰፉት ቀጥ ባለ ስፌት ነበር። ምስጢሩ አቆራረጡ ላይ ነው።

የተሸመነ ጨርቅ ድርና ማግ አለው። በድሩም ሆነ በማጉ አቅጣጫ ሲጎተት እምብዛም አይሳብም። በሁለቱ መካከል፣ በ45 ዲግሪ ሰያፍ ሲጎተት ግን ይለጠጣል፣ ገላ ላይም ይፈስሳል። ይህን አቆራረጥ ፓሪስ ውስጥ ማድሌን ቪዮኔ የተባለች ልብስ ሰፊ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ከፍተኛ ደረጃ አድርሳዋለች። ስለዚህ ባለ ጥቁሩ መኪና ባለቤት ሳቲን ወይም ስስ ጥጥ ገዝታ፣ በሰያፍ ቆርጣ፣ ሰፋ ያለ ፓንት ወይም የውስጥ ቀሚስ ያለ ችግር ልትሰፋ ትችላለች። በሰያፍ መቁረጥ ጨርቅ ያባክናል፤ የተቆረጠውም ከመሰፋቱ በፊት አንድ ሌሊት ተሰቅሎ ቢያድር ኋላ አይንጋደድም።

እዚህ ላይ የሸማ ጥያቄ ይነሳል። በእጅ የተፈተለ የጥጥ ክር ለገላ ከሚለሰልሱት ጨርቆች አንዱ ነውና ለምን ለውስጥ ልብስ አይሆንም? ለሌሊት ልብስና ለሰፊ የውስጥ ቀሚስ ይሆናል። ለጡት ማስያዣ ግን አይመከርም። አሸማመኑ ላላ ያለ ስለሆነ ስፌቱ ሲወጠር ክሮቹ ከስፌቱ እየተንሸራተቱ ይወጣሉ።

ዳንቴል

ዳንቴል የሚለው ቃል ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መነሻው ‘ትንሽ ጥርስ’ ማለት ነው፤ ጥርስ የመሰለውን ዳሩን በማየት የተሰጠ ስም ነው። በኢትዮጵያ ዳንቴል ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው በኪሮሽ የሚሠራው የጠረጴዛና የሶፋ ልብስ ነው። ለውስጥ ልብስ የሚውለው በመኪና የሚሠራው ስስ ዓይነት ነው። የዚህ መኪና ታሪክ የሚጀምረው እንግሊዝ ውስጥ ጆን ሂትኮት በ1809 መረብ መሥሪያ፣ ጆን ሊቨርስ ደግሞ በ1813 የዳንቴል መሥሪያ ከሠሩ በኋላ ነው። መኪኖቹን ከእንግሊዝ ማውጣት ክልክል ስለነበር ከ1816 ጀምሮ በድብቅ ባሕር ተሻግረው ካሌ ወደተባለችው የፈረንሳይ ወደብ ገቡ። በካሌና በኮድሪ የሚገኙ ፋብሪካዎች ዛሬም በዚያው ዓይነት መኪና ዳንቴል ያመርታሉ።

ለቤት ሰፊ የሚመቸው በሁለቱም ዳሩ የተቆረቆረ ጌጥ ያለው፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዓይነት ነው። ዳሩ ስለማይተረተር መታጠፍ አያስፈልገውም፤ የፓንቱ የእግር ዙሪያ ወይም የኩባያው የላይኛው ጠርዝ በዚያው በተፈጥሮ ዳሩ ያልቃል። ሲቆረጥ ግራና ቀኙ እንደ መስታወት እንዲተያዩ አበባው አበባው ላይ መግጠሙን ማረጋገጥ ያሻል። ይህ ካልተደረገ ልብሱ ልክ ቢሆንም የተንጋደደ ይመስላል።

ያማረ ዳንቴል ሁሉ ለሁሉም ቦታ አይሆንም። የሚሳበው ለፓንትና ለኩባያው ላይኛ ክፍል ይስማማል። የማይሳበው ለኩባያው ሊውል የሚችለው ከሥሩ ስስ ናይለን ከተደረበበት ብቻ ነው። ክብደት በሚሸከመው መቀነት ላይ ዳንቴል ብቻውን መስፋት ለመልክ ተብሎ ጀርባን መቅጣት ነው።

ጡት ማስያዣው

ከሦስት አራት ፓንት በኋላ እጅ ይለምዳል። ጡት ማስያዣ ግን የተለየ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ኩባያ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ነው፤ ጠፍጣፋ ጨርቅ ክብ የሚሆነው በቁራጮቹ መካከል ባለው ስፌት አማካይነት ነውና። በኩባያዎቹ መካከል ድልድይ አለ፤ ከዚያ መቀነቱ፣ ማንጠልጠያዎቹ፣ ቀለበቶቹ፣ የኋላው መንጠቆ፣ ካስፈለገም ሽቦውና ሽቦው የሚገባበት ከረጢት ይከተላሉ።

ሸክሙን የሚሸከመው ማንጠልጠያው ሳይሆን መቀነቱ ነው። ማንጠልጠያው ትከሻ የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ መቀነቱ ላልቶ ሥራውን ስለተወ ነው። በመሆኑም ኩባያው የማይሳብ ወይም ጥቂት ብቻ የሚሳብ፣ ድልድዩ ፈጽሞ የማይሳብ፣ መቀነቱ ደግሞ ጠንከር ብሎ የሚሳብ ጨርቅ ይሻሉ። ሦስት ዓይነት ጠባይ በአንድ ልብስ ማለት ነው።

የመጀመሪያው የሙከራ ልብስ ነው፤ ልክ ሆኖ አይወጣም። በርካሽ ጨርቅ ተሰፍቶ፣ ተለብሶ፣ የሚጨማደደውና የሚወጠረው ቦታ በእስክሪብቶ ይመለከትበታል። ኩባያው ባዶ ከሆነ ከላይኛው ስፌት ይወሰዳል፤ ድልድዩ ደረት ላይ ካልተቀመጠ ኩባያው ጠብቧል ማለት ነው። አንዱ ጡት ከሌላው ከተለቀ ሁለት የተለያዩ የኩባያ ንድፎች ይዘጋጃሉ። ፋብሪካ የማያደርገው፣ ቤት የምትሰፋ ሴት ግን ያለ ተጨማሪ ወጪ የምታደርገው ነገር ይህ ነው።

መንጠቆ፣ ቀለበትና ሽቦ በየሱቁ አይገኝም። ያረጀ ጡት ማስያዣ ከመጣሉ በፊት እነዚህን ፈትቶ ማስቀረት ያዋጣል፤ ጨርቁ ቢያልቅም ብረቱ አያልቅም። ሽቦው ግን ከተጣመመ ዳግም አይሠራበትም።

ወጪው ይቀንሳል ወይ ከተባለ፣ ለፓንት አዎ፣ ለጡት ማስያዣ መጀመሪያ ላይ አይቀንስም። ሙከራው፣ መርፌውና ላስቲኩ ተደምረው ከገበያው ዋጋ ሊበልጡ ይችላሉ። ትርፉ የሚመጣው ንድፉ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ከዋጋ ይልቅ ሴቶችን የሚገፋው ሌላ ምክንያት አለ። በኢትዮጵያ ከተሞች የልብስ ስፌት መኪና ላይ የሚቀመጡት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ቀሚስ ለማሰፋት ደረትን ማስለካት የተለመደ ነው፤ ጡት ማስያዣ ለማሰፋት መለካት ግን ለአብዛኞቹ ሴቶች የማይታሰብ ነው። እህት ለእህት፣ ጓደኛ ለጓደኛ ስትለካ ይህ እንቅፋት ይነሳል።

የሌላ ሰው የውስጥ ልብስ

በምሥራቅ አፍሪካ አብዛኛው ሰው የሚለብሰው ልብስ በስዋሂሊ ‘ሚቱምባ’ ተብሎ ይጠራል። ትርጉሙ ‘እስር’ ወይም ‘ጥቅል’ ነው፤ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከእስያ በጥቅል ታስሮ የሚመጣ ያገለገለ ልብስ ነው። በኢትዮጵያ ልባሽ ጨርቅ ወይም ሳልባጅ ይባላል፤ ወደ አገር ማስገባቱም ክልክል ስለሆነ በኮንትሮባንድ ይገባል። በዚህ ጥቅል ውስጥ ያገለገለ ጡት ማስያዣና ፓንትም ይገኛል።

በርካታ የአፍሪካ መንግሥታት ቢያንስ የውስጥ ልብሱን ለማስቀረት ሞክረዋል። ጋና በ1994 ከለከለች፤ ሕጉን ማስፈጸም የጀመረችው ግን በ2011 ነው። ኡጋንዳ በ2009፣ ዚምባብዌ በ2011 መጨረሻ ተመሳሳይ እገዳ አወጡ፤ ታንዛኒያም ትከለክላለች። የተሰጠው ምክንያት በአብዛኛው ጤና ነው፤ የፈንገስና የቆዳ በሽታ ሊተላለፍ ይችላል የሚል። ነገር ግን ክልከላው ባለበት አገር ሁሉ ሽያጩ ቀጥሏል፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። ያገለገለው ጡት ማስያዣ ከርካሹ አዲስ ይልቅ አሠራሩ ይጠነክራል፣ ልኩም ይለያያል። ትልቅ ወይም ያልተለመደ ልክ የምትፈልግ ሴት የምታገኘው እዚያው ክምር ውስጥ ነው። ገበያው ለእርሷ ሌላ ነገር ካላቀረበ ሕግ ብቻውን አያስተዋትም።

ሁሉንም ያገለገለ ልብስ ለማስቀረት የተደረገው ሙከራ ደግሞ ንግድ ጦርነት አስከትሏል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች በ2016 ቀስ በቀስ ለማቆም ሲስማሙ ሩዋንዳ በኪሎ 20 ሳንቲም ዶላር የነበረውን ቀረጥ ወደ 2 ዶላር ከ50 አሳደገች። አሜሪካ በምላሹ በሐምሌ 2018 የሩዋንዳን አልባሳት ከአጎዋ ቀረጥ ነጻ ዕድል አገደች። ሌሎቹ አገሮች ከዚያ በፊት አፈግፍገው ነበር።

ከልብስ በላይ ሲሆን

የውስጥ ልብስ አለመኖሩ ከምቾት ያለፈ ነገር የሚሆንባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ።

አንዱ የወር አበባ ነው። ታጥቦ ዳግም የሚያገለግል የወር አበባ መጠበቂያ በአካባቢው እየተስፋፋ ነው። በመቀሌ ማርያም ሰባ የተባለውን ፋብሪካ ያቋቋሙት የኬሚካል መሐንዲሷ ፍረወይኒ መብራህቱ በዚሁ ሥራቸው በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው ተሸልመዋል። ብዙ የማይነገረው ነገር ግን መጠበቂያው የሚያዘው በፓንት ላይ ተቆልፎ መሆኑ ነው። በልክ የሆነ ፓንት የሌላት ተማሪ መጠበቂያውን ብታገኝም አትጠቀምበትም። ሁለቱም የሚሰፉት በአንድ መኪና፣ ከአንድ ጨርቅ ነው፤ ፓንት መስፋት የቻለች እጅ መጠበቂያውንም ትሰፋለች።

ሁለተኛው የጡት ካንሰር ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በኬንያ ከሴቶች የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ሲሆን ብዙዎች ወደ ሐኪም የሚደርሱት ዘግይተው ስለሆነ ጡት ሙሉ በሙሉ የሚወገድበት ቀዶ ሕክምና የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ባዶውን ቦታ የሚሞላ ምትክና እርሱን የሚይዝ ልዩ ጡት ማስያዣ ያስፈልጋል፤ በውድ ዋጋ ይሸጣል፣ በአካባቢው ገበያም እንደ ልብ አይገኝም። በተለያዩ አገሮች በጎ ፈቃደኞች ከጥጥ ክር በኪሮሽና በሹራብ መርፌ ቀላል ምትኮችን እየሠሩ በነጻ ያድላሉ። የሚይዘውን ልብስ ማዘጋጀት ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም። ባለው ጡት ማስያዣ ኩባያ ውስጥ፣ ከጎን በኩል ክፍት የሆነ የጥጥ ኪስ መስፋት ይበቃል። ስፌቱ ጠባሳው ላይ እንዳያርፍ መጠንቀቅ፣ ሽቦም መተው ይሻላል። ምትኩ መቼ መደረግ እንደሚጀምር ደግሞ የሚወስነው የቁስሉን መዳን የሚከታተለው ሐኪም ነው።

ጡት ማስያዣ ራሱ ካንሰር ያመጣል የሚለው በየጊዜው የሚሰራጨው ወሬ ግን ማስረጃ የለውም። በ2014 በአሜሪካ ሲያትል ይፋ የሆነ፣ ከ1,500 በላይ ሴቶችን ያካተተ ጥናት በሁለቱ መካከል ግንኙነት አላገኘም።

አጠባና አደራረቅ

በእጅ የተሰፋ ልብስ በአንድ ወር አጠባ ሊበላሽ ይችላል። ላስቲክና ኤላስቴን ሙቅ ውሃና በረኪና አይወዱም፤ ለብ ባለ ውሃና በለሰለሰ ሳሙና ይታጠባሉ። ሳይጠመዘዙ በፎጣ መካከል ተጨምቀው ውሃው ይወጣል። ጡት ማስያዣ በማንጠልጠያው ከተሰቀለ በእርጥበቱ ክብደት ይለጠጣል፤ በድልድዩ በኩል ገመድ ላይ ቢታጠፍ ቅርጹን ይጠብቃል።

በብዙ ቤት የሴት የውስጥ ልብስ የሚሰጣው ከሌላ ልብስ ሥር ተደብቆ ወይም በመታጠቢያ ቤት ጥግ ነው። እንዲህ የደረቀ ልብስ ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይደርቅም፤ እርጥበቱን እንደያዘ ይለበሳል። ዳንቴሉን ቀጥተኛ ፀሐይ ቀለሙን ስለሚያነጣው ነፋስ ባለው ጥላ ሥር፣ የጥጡን ፓንት ግን ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ማስጣት ያስፈልጋል።